ጀልባው የት ያድራል? የጣና ታንኳና በተሳቢ የሚጓዝ ትንሽ የሸራ ጀልባ ንድፍ



የዛሬው ንግግር ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ከባልደረቦቼ ብዙ ቀልድ ሰምቻለሁ። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ታቦር ተቀምጦ ስለ ጀልባ ማውራት በእርግጥም ያስቃል። እኔ ራሴ የጉና ግርጌ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ ነው፤ ዋናም አልችልም። ይሁን እንጂ ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የሚፈስሱት ወደ ጣና ነው። እኛ እዚህ ዳገት ላይ ስናርስ የሚሸረሸረው አፈር ወርዶ የሚያርፈው በፎገራ ሜዳና በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ደቡብ ጎንደር ደጋም ነው፣ የሐይቅ ዳርም ነው። ፎገራ፣ ደራና ሊቦ ከምከም ከጣና ጋር ይዋሰናሉ፤ የዞናችን ሰው በጀልባ ጉዳይ ባዕድ አይደለም።

የንግግሬ ጭብጥ አንድ ነው። ከባህላዊ የዓሣ አስጋሪ ጀልባ ተነሥቶ አዲስ ጀልባ የሚነድፍ ሰው መውረስ ያለበት የጀልባውን መልክ ነው ወይስ ጀልባው መልስ የሰጠበትን ጥያቄ? እኔ ለዓመታት መልኩን ስከተል ቆይቼ ዘግይቼ ነው ወደ ጥያቄው የደረስኩት። ያ መዘግየት ያስተማረኝን ዛሬ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ በሌላው ዓለም ምን እንደሚመስል በአጭሩ ልግለጽ። በእንግሊዝ አገር ጆን ዋትኪንሰን የተባሉ የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለቤተሰባቸው የሚሆን ትንሽ ጀልባ ነደፉ። መነሻቸው በሰሜን ምሥራቅ የእንግሊዝ ጠረፍ ዓሣ አስጋሪዎች የሚገለገሉባቸው ክፍት ጀልባዎች ነበሩ። ድራስኮም ላገር የተባለው ይህ ጀልባ 5.7 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ምሰሶዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ትልቁ ሸራ ከግርጌው አግዳሚ እንጨት ስለሌለው ነፋስ ሲገለብጠው የተሳፋሪን ራስ አይመታም፤ ከሆዱ በታች የሚወርደው የብረት ሳንቃ ደግሞ ወደ ላይ ይሳባል። በመኪና ተጎትቶ ከቤት ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ቤት ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሮጀር ዶንግሬይ የነደፉት ኮርኒሽ ሽሪምፐር የዚሁ አስተሳሰብ ልጅ ሲሆን ከአንድ ሺህ በላይ ተሠርቶለታል። ሁለቱም ጀልባዎች ከሥራ ጀልባ ተወልደው ለሽርሽር የዋሉ ናቸው።

እነዚህን ጀልባዎች ለትምህርት ውጭ አገር በቆየሁበት ጊዜ አይቼ በጣም ወደድኳቸው። ወደ አገሬ ስመለስም ለጣና የሚሆን፣ የታንኳን መልክ የያዘ፣ በሸራ የሚሄድ፣ በፒካፕ መኪና ሊጎተት የሚችል ጀልባ ለመንደፍ ተነሣሁ። አሳቤ በሐይቁ ላይ ለሚደረግ የውሃ ጥናት፣ ለተማሪዎች የመስክ ትምህርት፣ ሲሆንም ለአነስተኛ አስጋሪዎች የሚያገለግል መሣሪያ ለማስገኘት ነበር። ነዳጅ አይፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲያችንም በዳገት ላይ ስለሆነ ጀልባው ከእኛ ጋር ወጥቶ ከእኛ ጋር ሊወርድ ይችላል።

የመጀመሪያው ንድፌ በወረቀት ላይ የሚያምር ነበር። አፍንጫው እንደ ታንኳ ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ጎኑ የደንገል እስር እንዲመስል በረጃጅም ጎድጓዳ መስመሮች የተሸለመ፣ ከሥሩ ደግሞ ሚዛን የሚጠብቅ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚጠልቅ የማይነቀል ክንፍ ያለው። ሥዕሉን አንድ ቀን በፎገራ በኩል ወደ ሐይቁ ወርጄ ዕድሜያቸውን በታንኳ ሥራ ለፈጸሙ አንድ አዛውንት አስጋሪ አሳየኋቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፤ አፍንጫውን በጣታቸው ተከትለው ፈገግ አሉ። ከዚያም ጣታቸውን ከሆዱ በታች ባለው ክንፍ ላይ አሳርፈው፣ «መምህር፣ ይህ ነገር ሌሊት የት ያድራል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ውሃው ላይ ታስሮ» አልኳቸው። ዳር ዳሩን እያመለከቱ ውሃው በክረምት የት እንደሚደርስ፣ በበጋ ደግሞ እስከ የት እንደሚሸሽ አሳዩኝ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከቆምንበት ቦታ ዐይን የሚያደክም ነበር። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔም ወረቀቴን አጥፌ ወደ ደብረ ታቦር ተመለስኩ። የዛሬው ንግግር የዚያ ጥያቄ መልስ ነው ብትሉ ትክክል ናችሁ።

አሁን ወደ ታንኳው ልመለስ። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ በእስር በእስር ይታሰራል፤ እስሮቹ ደግሞ በልጥ ተጠፍረው ቅርጽ ይይዛሉ። በውስጡ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባበታል፤ ቀዛፊውም ጭነቱም ከውሃው ከፍ ብለው የሚያርፉት በዚያ ላይ ነው። ጥልቀት በሌለበት ቦታ በረጅም ዘንግ እየተገፋ፣ ጥልቀት ባለበት ደግሞ እየተቀዘፈ ይሄዳል። ትንሹ አንድ አስጋሪ ከመረቡ ጋር ይይዛል፤ ትልቁ ማገዶና እህል ጭኖ ሐይቁን ያቋርጣል።

እንደ መሐንዲስ ሳየው በጣም የሚያስደንቀኝ የሚንሳፈፍበት መንገድ ነው። እኛ በክፍል የምናስተምረው ጀልባ ውሃ እንዳይገባበት የተዘጋ ጎድጓዳ ዕቃ ነው፤ ከተቀደደ ይሰጥማል። ታንኳ ግን ውሃን ለመከልከል አይሞክርም። የደንገሉ አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ በመሆኑ ተንሳፋፊው ራሱ ግንዱ ነው። ስለዚህ ታንኳ ቢቀደድም አይሰጥም፤ ማዕበል ቢገባበትም ውሃው በእስሮቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል። የሚከፍለው ዋጋ ግን አለ። ደንገሉ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል፤ ይከብዳል፤ ይበሰብሳል። አንድ ታንኳ የሚያገለግለው ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ነው። ዕድሜውን የሚያራዝመው ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ከሥራ በኋላ ከውሃ አውጥቶ ማድረቅ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ታንኳ ሌት ተቀን ውሃ ላይ መዋል የማይችል ጀልባ ነው። ሥራው ሲያልቅ ወደ ብስ ይወጣል፤ በነፋስና በፀሐይ ይደርቃል፤ በማግስቱ እንደገና ይወርዳል። ክብደቱ፣ ቅርጹ፣ አሠራሩ ሁሉ የተመጠነው ለዚህ ምልልስ ነው። እንግሊዛዊው መኮንን በተሳቢና በመኪና የፈቱትን ችግር የጣና ባለሙያ ከብዙ ዘመን በፊት በደንገልና በትከሻ ፈትቶታል። እኔ ከታንኳው የወሰድኩት አፍንጫውን ነበር፤ ትልቁ ዕውቀት ግን የነበረው በመውጣቱና በመግባቱ ላይ ነው።

መልክን ወስዶ ምክንያትን መተው የእኔ ብቻ ስሕተት አለመሆኑን የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉ። ሁለቱም ከዚህ ሐይቅ የተነሡ ናቸው።

የመጀመሪያው ለዚህች ከተማ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ደቡብ ዳርቻ በዘጌና በቆራጣ አካባቢ በሰፈሩበት ወቅት፣ የእንፋሎት መርከብን ሥራ በራሳቸው መንገድ ለመሞከር አስበው ነበር። በዚያን ጊዜ በስፍራው የነበሩት የእንግሊዝ መልእክተኞች አባል ዶክተር ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፉት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከደንገል ሰፊ ጀልባ አሠርተው በጎንና በጎኑ በእጅ የሚሽከረከሩ መንኰራኵሮች አስገጠሙለት። ይህን ታሪክ የሚያነብብ ሰው አንዳንዴ ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም። ንጉሡ የሚገኘውን ነገር መነሻ ማድረጋቸው ትልቅ ማስተዋል ነበር፤ ማሞቂያ ጋን በሌለበት አገር ደንገልና የሰው ክንድ ነበር። ያም ሆኖ የመርከቡን መንኰራኵር መገልበጥ የመርከቡን ኃይል መገልበጥ አይሆንም። መንኰራኵሩ በእንፋሎት ኃይል ሲዞር አንድ ነገር ነው፤ በክንድ ሲዞር ከመቅዘፊያ የሚበልጥበት ምክንያት ይጠፋል።

ሁለተኛው ታሪክ የጣናን ደንገል እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ያደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሡ። 12 ቶን ያህል ደንገል ከጣና ታጭዶ ወደ ግብፅ ተጫነ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎችም በፒራሚዶቹ አጠገብ ጀልባውን ሠሩት። ስሙም «ራ» ተባለ። ቅርጹ የተቀዳው ከግብፃውያን ጥንታዊ ሥዕሎች ነው፤ ኋላው ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነበር። በሥዕሎቹ ላይ ከታጠፈው ጫፍ ወደ ጀልባው ወለል የሚወርድ አንድ ገመድ ይታያል። ገመዱ ጫፉን ጎብጦ እንዲቆይ ብቻ የተደረገ ስለመሰላቸው አላስቀመጡትም። ጀልባው ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሥቶ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ኋላው ወደ ውሃው ዘቀጠ፤ ማዕበል እየገባበትም ባርቤዶስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተጓዦቹ ጥለውት ለመውጣት ተገደዱ። ያ ገመድ ኋላውን እንደ ምንጭ ብረት ይዞ የሚያላላና የሚያጠብቅ፣ ሸክም የሚችል የጀልባው አካል ኖሯል።

በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ «ራ ሁለት» ተሠራ። ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን በደቡብ አሜሪካ ከሚገኘው ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ሆኑ። ይህ ጀልባ 6,100 ኪሎ ሜትር ያህሉን ጉዞ በ57 ቀናት ፈጽሞ ባርቤዶስ ገባ። ዛሬም በኦስሎ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ስነግራቸው በኩራት ያጨበጭባሉ፤ ኩራቱም ይገባል። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በሁለቱም ጉዞዎች ከጣና የተወሰደው ሣሩ ነው። ጥበቡ የተጠየቀው ከቻድና ከቲቲካካ ነበር። የእኛ ደንገል ውቅያኖስ ተሻገረ፤ ደንገሉን የሚያውቁት እጆች እዚሁ ቀሩ።

ከዚህ በኋላ ንድፌን ከአፍንጫው ሳይሆን ከማደሪያው ጀመርኩ። ማደሪያው ደግሞ ሁለት ነው፤ የሐይቁ ዳርና የዩኒቨርሲቲው ግቢ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከጀልባው አይነጠልም።

ስለ መንገድ ሲነሣ ደብረ ታቦር የምታስታውሰው ነገር አለ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ ነው። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ ከዚህ እስከ መቅደላ ለማድረስ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1867 እስከ መጋቢት 1868 ድረስ ወራት ፈጅቷል፤ መንገዱም ከፊት ከፊቱ እየተጠረገ ነበር የሚኬደው። የሚጎተት ነገር ሲሠራ መንገዱም አብሮ እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

የእኛ ሸክም ቀላል ነው፤ መንገዱም አስፋልት ነው። ቢሆንም ስሌቱ ይታለፍ አይባልም። ጀልባው 300 ኪሎ፣ ተሳቢው 200 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 500 ኪሎ ነው። ከደብረ ታቦር በወረታ በኩል እስከ ሐይቁ ድረስ ከፍታችን በ900 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ይህ ክብደት ያንን ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 4.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ 15 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 90 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። የነፋስ ግፊትና የጎማ ሰበቃ ከፊሉን ቢወስዱትም የቀረውን የሚሸከመው ፍሬን ነው፤ የመኪናው የራሱ ክብደት ሳይቆጠር ማለት ነው። ስለዚህ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል፤ ሹፌሩም በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ አለበት። ስንመለስ ደግሞ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ አየር የሚገፋ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይደክማል። ጀልባው ላይ የጨመርናት እያንዳንዷ ኪሎ ዳገቱ ላይ ትቆጠራለች።

ይህን የምናገረው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከተማሪዎች ጋር የሠራነው የመጀመሪያው ሙሉ መጠን ያለው የጀልባ አካል 300 ኪሎ እንዲሆን ታስቦ ሲመዘን 380 ሆነ። ምክንያቱን ፈልገን አገኘነው፤ እኔ ነበርኩ። ዋና ስለማልችል በየስብሰባው «እዚህ ጋ ትንሽ እናወፍረው» እያልኩ ሳንቃ አስጨምሬ ነበር። ፍርሃቴ 80 ኪሎ መዘነ። ስድስት ጎልማሶች ከተሳቢው ላይ ሊያወርዱት ሲታገሉ ሳይ፣ አንድ ሰው ታንኳውን ከውሃ ስቦ ሲያወጣ የማየው እየመጣ ይወቅሰኝ ነበር።

አሁን ወደ ሐይቁ እንውረድ። ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን ለስፋቱ አነስተኛ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን አማካዩ 8 ሜትር ያህል ነው። በምሥራቁ በኩል ዳርቻው ዝርግ ስለሆነ የውሃው ከፍታ በአንድ ሜትር ሲወርድ ውሃው በአግድም ብዙ ይሸሻል። የአባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሰው ውሳኔም ይወጣል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ውሃው እጅግ ዝቅ ብሎ የመርከብ ጉዞ ተሰናክሎ እንደነበር ይታወሳል። በእንዲህ ዓይነት ዳርቻ ላይ በኮንክሪት የተሠራ ወደብ አንድ ዓመት ውሃ ውስጥ፣ ሌላ ዓመት የከብት ግጦሽ መካከል ይቆማል። ጀልባው ራሱ ውሃውን ተከትሎ መሄድ አለበት። አዛውንቱ ጣታቸውን በዚያ ክንፍ ላይ ያሳረፉት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ሌላው እምቦጭ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው ይህ አረም የሞተር ጀልባን ማዞሪያ ይጠመጥማል፤ ከሆድ በታች የሚወርድ ማንኛውንም ነገር ይይዛል። ለስላሳ ሆድ ያለው፣ በዘንግ የሚገፋ ጀልባ ግን ተንሸራትቶ ሊያልፍ ይችላል።

ስለ ነፋስም አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በተለይ ከውጭ የመጣ ንድፍ እንዳለ ለመቅዳት ለምታስቡ ተማሪዎች ነው። የጣና ወለል ከባሕር በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ቀጭን ነው፤ እፍግታው በባሕር ወለል ካለው 84 በመቶ ያህል ነው። በአንድ ዓይነት የነፋስ ፍጥነት አንድ ዓይነት ሸራ እዚህ የሚያገኘው ግፊት በዚያው መጠን ያንሳል። በእንግሊዝ ጠረፍ 12 ካሬ ሜትር ሸራ የሚበቃው ጀልባ ጣና ላይ ተመሳሳይ ግፊት ለማግኘት ከ14 ካሬ ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ውሃው ግን አልቀጠነም። የደጋ ሐይቅ ጀልባ ሰፋ ያለ ሸራ፣ ቀለል ያለ አካል ይፈልጋል። በቀን ምድሩ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከውሃ ወደ ብስ ያዘነብላል። ከምሥራቅ ዳርቻ ማልዶ እየተቀዘፈ የወጣ ጀልባ ከቀትር በኋላ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ሊመለስ ይችላል። ከዚህም የተነሣ ሸራው መቅዘፊያውን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይሆንም።

እንግዲህ ዛሬ በእጃችን ያለው ሁለተኛው ንድፍ ይህን ይመስላል። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 1.7 ሜትር ነው። ሆዱ ዝርግ ስለሆነ ጭቃ ላይም ሆነ ተሳቢ ላይ ሳይዘነብል ይቀመጣል። ባዶውን ከ20 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይጠልቅም፤ በነፋስ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ሳንቃ ወደ ላይ ይሳባል። ከመቀመጫዎቹ ሥር ቀላል ተንሳፋፊ ነገር ስለታሸገበት በውሃ ቢሞላም አይሰጥም፤ ይህ በቀጥታ ከታንኳው የተወሰደ ነው። ሁለት አጫጭር ምሰሶዎች አሉት፤ በሰው ጉልበት ይነቀላሉ፤ ተነቅለውም በጀልባው ርዝመት ውስጥ ይተኛሉ። በተቻለ መጠን በብሎን ፈንታ በገመድ ይታሰራል፤ ገመድ ሐይቅ ዳር ይገኛል፤ ብሎን ግን ገበያ ያስኬዳል። አፍንጫው ቀጥ ያለ ነው። በጎኑ የደንገል መስመር የለበትም። የሚያየው ሰው ታንኳን አያስታውስም፤ የሚሠራበት ሰው ግን ያስታውሰዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የቴክኒኩ ነገር ይህ ነው። አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል እገባለሁ።

የታንኳ ጥበብ ባለቤት አለው። በዋነኛነት ይህን ዕውቀት ይዘው የቆዩት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። እነዚህን ሰዎች የሐይቁ ዳር ኅብረተሰብ ለረጅም ዘመን አግልሏቸው እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን፤ አብሮ ያለመብላቱን፣ ያለመጋባቱን ወግ ከአያቶቻችን ሰምተነዋል። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቷል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ያ ቋንቋ ሳይመዘገብ ስለጠፋ ከየትኛው የቋንቋ ቤተሰብ እንደሆነ እንኳ የሥነ ልሳን ሊቃውንት የሚከራከሩት በጥቂት የቀሩ ቃላት ላይ ተመሥርተው ነው። የዓሣውን፣ የነፋሱን፣ የደንገሉን ስም በዚያ ቋንቋ ምን ይሉት እንደነበር መጠየቅ የሚቻልበት ዘመን አልፏል።

ጀልባውም በዚያው መንገድ ላይ ነው። ደንገሉ የሚበቅልበት ረግረግ እየታረሰና እየተመነመነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በሆላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች ትብብር የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ፤ ይህን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን በርብና በጉማራ ወጥተው የሚራቡት፣ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የማይገኙት ነጭ ዓሣዎች በ1990ዎቹ በእጅጉ መመናመናቸው በጥናት ታይቷል። የታንኳ አስጋሪ ከዳር ብዙም ሳይርቅ ያሰግር ስለነበር የጀልባው ድካም ራሱ ለዓሣው ዕረፍት ነበር። አዲስ ጀልባ ስንነድፍ ይህን ዕረፍት እንደምንነካ ማወቅ አለብን። የእኔም ንድፍ ከዚህ ጥያቄ ነፃ አይደለም። በዚህ ምክንያት ለመነሻ ያሰብኩት ለጥናትና ለትምህርት ነው፤ ለማስገር ይዋል ወይስ አይዋል የሚለውን የሚወስኑት አስጋሪዎቹና የሐይቁን ሀብት የሚጠብቁ ባለሙያዎች በአንድነት ተቀምጠው ይሁኑ።

ከዚህ ሁሉ ለዩኒቨርሲቲያችን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው በጋ ተማሪዎቻችን ታንኳ ሲሠራ ከአጨዳው እስከ ማድረቁ ድረስ አብረው ውለው ይመዝግቡ፤ የእስሩን ውፍረት፣ የልጡን አጠማዘዝ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ስም። ሁለተኛ፣ ለዚህ ትምህርት የሚቀመጡት ባለሙያዎች እንደ መምህር ይቆጠሩ፤ አበል ይከፈላቸው፤ በምናሳትመው ጥናት ላይም ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸው ከእኛ ስም ጎን ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ሁለተኛው ጀልባችን ወደ ሐይቁ ሲወርድ የመጀመሪያውን ፍርድ የሚሰጡት እነርሱ ይሁኑ፤ እኛ የመለኪያ መሣሪያችንን ይዘን ከኋላ እንቁም።

ጥያቄያቸውን የነገሩኝን አዛውንት ባለፈው ዓመት እንደገና አግኝቼአቸው ነበር። አዲሱን ሥዕል አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩትና፣ «ይህስ ቤት አለው» አሉኝ። ታንኳቸው አጠገባቸው በጎኑ ቆሞ ይደርቅ ነበር። እርሳቸው ደንገሉን በእጃቸው ጨብጠው መድረቁን ሲፈትሹ እኔም አብሬ ጨበጥኩት፤ ገና እርጥብ ነበር። «ነገ ይደርሳል» አሉ።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም ከሐይቁ ዳር የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ቅድሚያ ለእናንተ ነው።